ሙጫ ጆሮ የለውም

በሕይወቴ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ፤ በእርግጫ የመታሁት ግን አንድ በር ብቻ ነው። እሱንም ራሴ ያሠራሁትን።

በሩ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከላዩ «ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የድምፅ ንባብ ክፍል» የሚል የናስ ሰሌዳ አለ። ከሰሌዳው በታች የምሠራበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ዓርማ፣ ከዓርማው በታች የጡጫ ያህል ቁልፍ፣ ከቁልፉ በታች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ወረቀቱን አላነበብኩትም፤ ይህን ያዙልኝ። በመስታወቱ አጮልቄ ሳይ መቅረጫዎቹም ማይክሮፎኖቹም ከፋብሪካ በመጡበት ላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል። ወንበሮቹ ሳይቀሩ ላስቲካቸው አልተገፈፈም።

ክፍሉ ከተመረቀ ዓመት ሞልቶታል። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ካሜራ ይዤ «አርባ ሁለት ተማሪዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል» ለሚል ጽሑፍ ፎቶ ላነሣ መምጣቴ ነበር። በእርግጫ አልኩት። እግሬን አመመኝ፤ በሩ ምንም አልሆነም።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ቁልፎቻቸውን እያንሿሹ መጡ።

«ጋሼ፣ ይሄን ክፍል ማነው የዘጋው?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ ልጄ፣ ወረቀት ነው የዘጋው» አሉና መዝገባቸውን ገለጡልኝ። «ታሽጓል» ይላል፤ ጎኑ ላይ ፊርማ አለ። ያን ፊርማ በጨለማም ቢሆን አውቀዋለሁ። የሙጫ ፊርማ ነበር።

ሙጫ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እግረ መንገዴንም ንዴቴ ትንሽ ይብረድልኝ።

የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ተማሪው ሁሉ ሙጫ ይለዋል፤ እሱም ተቀብሎታል። የተዋወቅነው በዝናብ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለአንዲት ዓይነ ስውር የአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪ መጽሐፍ አነብላት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ ሣሩ ላይ ደግሞ ያን ቀን ዝናቡ አላስቀምጥ አለን። ደረጃ ሥር ተቀምጠን በሹክሹክታ ሳነብላት ጥበቃው መጥቶ ተነሡ አለ። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መነሣት አልፈጠረብኝም።

«እሷ በምን ታንብብ? በአፍንጫዋ?» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ከጎናችን አንድ በር ተከፈተና ሽርጥ ያሸረጠ ቀጭን ወጣት ብቅ አለ።

«እዚህ ገብታችሁ አንብቡ» አለ።

«አንረብሽህም?»

«እኔን? እኔ ሙጫ ነኝ። ሙጫ ጆሮ የለውም።»

ጆሮስ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ጥርዝ ክፍል ውስጥ አነበብን፤ እሱም በአንድ ሰዓት የሚያልቅ መጽሐፍ ሦስት ቀን እየጠረዘ አዳመጠ። ደስ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ብሩሹን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሙጫው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ስል ዓይናችን ይገጣጠማል። እሱ ወደ ብሩሹ፣ እኔ ወደ መስመሬ። የሕግ ተማሪዋ ፈገግ ትልና «መስመር ዘለልሽ» ትለኛለች። ምን እንደሚካሄድ ከሁለታችን ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

ቃሪያ ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የተመረቅኩ ቀን «አንድ ቀን ተመልሼ እዚህ እውነተኛ የንባብ ክፍል አሠራለሁ» አልኩት።

«ክፍሉ ይቆይ» አለኝ። «አንቺ ተመለሺ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ድርጅቱ ቀጠረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጋሾችን ደጅ ጠናሁ፤ ያልጻፍኩት ማመልከቻ፣ ያልተቀመጥኩበት ስብሰባ የለም። በመጨረሻ መሣሪያው መጣ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ሙጫ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሞ ነበር። ሰዉ ሲበተን ጠጋ አለና «ሪባኑስ ተቆረጠ፤ ነገ ጠዋት የሚከፍተው ማነው?» አለኝ።

ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበር። የጠበቅኩት «እንኳን ደስ አለሽ» ነው። «አንተ የተቀደደ ነገር ካላየህ ቀን አይመሽልህም?» አልኩት፤ ሰው እየሰማ። ማታ ደወለ፣ አላነሣሁም። ሁለት ሳምንት ደወለ፣ አላነሣሁም። ከዚያ ድርጅቱ ወደ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤቶች ላከኝ። ንዴቴ መንገድ ላይ በረደ፤ ኩራቴ ግን አልበረደም፤ ዓመቱም በዚያው አለቀ።

እንግዲህ ፊርማውን መዝገብ ላይ ሳየው ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። ወደ ጥርዝ ክፍሉ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሙጫ ብሩሹን ይዞ ቆሟል፤ የሕግ ተማሪዋ አሁን የመጨረሻ ዓመት ሆና በዚያው በድሮው ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌሎች ሦስት ተማሪዎችም አሉ።

«ዘጋኸው!» አልኩት ከበሩ ሳላልፍ። «ሁለት ዓመት የለመንኩበትን ክፍል በአንድ ፊርማ ዘጋኸው!»

ብሩሹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ደብዳቤዬን አነበብሽው?»

«የምን ደብዳቤ? እኔ ያነበብኩት ፊርማህን ነው!»

«ሦስት ናቸው።»

«ሰበብ አታብዛ! ቂም ይዘህ ነው። ስልክህን ስላላነሣሁ በእኔ የተናደድከውን በእነዚህ ልጆች ተወጣኸው። ወንድ አይደለህም? መጥተህ እኔን አትናገረኝም ነበር?»

ፊቱ ልውጥ አለ። መልስ የሚሰጠኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ እኔም ለመልሱ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሽርጡን ፈትቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለና በአጠገቤ አልፎ ወጣ። አላየኝም እንኳ።

«ጨረስሽ?» አለች የሕግ ተማሪዋ።

ሚስማሩ ላይ የሚወዛወዘውን ሽርጥ አየሁ።

«ክፍሉ ከታሸገ ጀምሮ በየቀኑ በምሳ ሰዓቱ ማን እያነበበልን ይመስልሻል? አነባበቡ ያስቃል። ነጠላ ሰረዝ ባየ ቁጥር ያስላል። ግን አንድ ቀን አልቀረም። የመውጫ ፈተናችን አምስት ሳምንት ቀረው። ስምንት ነን፤ ያለን አንድ አፍ ነው። ማዶ ደግሞ ክፍል አላችሁ ይሉናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

የዚያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ገና ፊቴን አይታ ሹራብ የምትሠራበትን ክር አስቀመጠች። ሁሉን ነገርኳት፤ ስነግራትም እንደገና ተናደድኩ።

«ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ ካለሽ፣ ደብዳቤዎቹ የት ገቡ ብለሽ ጠየቅሽ?»

«ሰበብ ነዋ እማዬ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። «እኔም አባትሽን እንዲሁ ነበር የማደርገው። አባትሽ ቻይ ነበር። ሁሉ ሰው ግን አባትሽ አይደለም።»

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አዲሱ ዓመታዊ ሪፖርት ተቀምጦ አገኘሁት። የእኔን ፎቶ እንኳ አልጠበቁም፤ የሪባኑን ደግመው አትመውታል። ገጽ አሥራ አራት ላይ «ተጠቃሚዎቻችን ምን ይላሉ?» የሚል ርእስ ሥር አንድ ደብዳቤ አሳንሰው በፎቶ አውጥተዋል። ማኅተሙ ጎልቶ ይታያል፤ ጽሑፉ የጉንዳን እግር ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ በወፍራም የጠራዥ እርሳስ የተጻፈ ነበር።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ይሄ ደብዳቤ ዋናው የት ነው?»

«የምስጋና ፋይል ውስጥ ነዋ።»

«አንብበኸዋል?»

«ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ነው። ከምስጋና ሌላ ምን ይጽፋሉ?»

የምስጋና ፋይላችን ወፍራም ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ለጋሽ ሲመጣ በሩቁ ይታያል። ሦስቱንም አገኘኋቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«በርክክቡ ሰነድ አንቀጽ ሰባት መሠረት ስሟ የተጠቀሰው ባለሙያ በአካል በሌለችበት መሣሪያዎቹን መንካት ለጤና አደገኛ ስለሆነ የተከለከለ ነው ተብሎ ክፍሉ ታሽጓል። ባለሙያዋ በሌላ ሥራ ላይ ናት። እባካችሁ አንቀጹን አሻሽሉልን።»

ለጤና አደገኛ! ድምፅ መቅረጫ!

ያኔ ትዝ አለኝ። ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው የርክክቡን ሰነድ ያዘጋጀሁት ለአንድ ክሊኒክ የራጅ መሣሪያ ከሰጠንበት ሰነድ ገልብጬ ነው። «ራጅ» የሚለውን ሁሉ «ድምፅ መቅረጫ» ብዬ ቀየርኩ፤ የባለሙያ ስም በሚለው ቦታ የራሴን ሞላሁ። መልሼ አላነበብኩትም። ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ። ለሌላው ሰው አንባቢ ነኝ የምል እኔ።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን የሚያስታውስ ነበር። ሦስተኛው፣ በሪፖርቱ ላይ የወጣው፣ ይኸው፦

«ጉዳዩ፦ ያው ነው።

ለሁለት ደብዳቤዎች መልስ አላገኘንም። ይህንንም እንደማታነቡት ስላወቅኩ፣ ማኅተም የምትመታልኝ ጸሐፊም ስለማታነበው፣ በነጻነት እጽፋለሁ። በአንቀጽ ሰባት የተጠቀሰችው ባለሙያ ቁጡ ናት። ስትቆጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናት። በየቀኑ ጠዋት በዚያ በር ሳልፍ ስሟ ከቁልፍ ሥር ተለጥፎ አየዋለሁ። የሚወዷትን ሴት ስም እንዲህ ማየት ደስ አይልም። ስለዚህ ወይ ክፍሉን ክፈቱልን፣ ወይ እሷን ላኩልን። ሁለቱም ቢሆን አንጠላም።

ከሰላምታ ጋር፣ የመጻሕፍት ጥገና ክፍል።

ግልባጭ፦ ለማንም።»

ቁጭ አልኩ። አለቀስኩም፤ አልደብቅም። ከዚያ ተነሣሁና ጮህኩ።

«አንቀጽ ሰባት ዛሬ ይሻሻል!»

«አንቀጽ የሚያሻሽለው ቦርዱ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት አጀንዳ እናስይዘዋለን።»

«ፈተናቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው!»

«ሪፖርቱ ታትሟል እኮ! ስምንት መቶ ኮፒ! አርባ ሁለት ተጠቃሚ ብለን አሁን ተቆልፎ ነበር ልንል ነው?»

«አዎ፣ ተቆልፎ ነበር ልንል ነው። አንድ ኮፒ ከዚህ ቢሮ ቢወጣ የሦስቱን ደብዳቤ ሙሉ ቃል ለየለጋሹ የምልከው እኔ ነኝ። እስከዚያ ግን ያልወሰድኩት የሁለት ዓመት ፈቃድ አለኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«አንቀጽ ሰባትን ላከብር።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ሰነዱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ወረቀት በትክክል የሚያነቡ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«‹ባለሙያዋ በአካል በሌለችበት› ይላል» አልኳቸው። «ይኸው በአካል አለሁ።»

«መታወቂያ?»

ሰጠኋቸው። ከበሩ ወረቀት ጋር አስተያዩት። «ስትወጪ እዘጋለሁ፤ ስትገቢ እከፍታለሁ። ሽንት ቤት ስትሄጂስ?»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሱን እናልፈዋለን» አሉና ቁልፉን አዞሩት።

እኔና የሕግ ተማሪዋ ላስቲኩን ገፈፍነው። ስምንቱም መጡ። ጠዋት ገብቼ ማታ እስኪዘጋ አነበብኩ፤ ቁልፎቹን በጣቷ ለይታ መቅረጫውን የምታዘው የሕግ ተማሪዋ ሆነች። ጉሮሮዬ እስኪሻክር አነበብኩ። አንድ ሰው ብቻ አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ጥርዝ ክፍሉን አንኳኳሁ።

«ይግቡ» አለኝ።

ይግቡ! እኔን! «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«አያስቡ፣ ያልፋል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

በጥፊ ቢመታኝ ይሻል ነበር። አንቱ ብሎ ከሰው ተራ አወጣኝ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ማንም ሳያየኝ ደረጃው ሥር፣ ያ ጥበቃ ያባረረን ቦታ ላይ፣ ቁጭ አልኩ። በእሱም ተናድጄ ነበር፤ በራሴ ግን የባሰ።

በሁለተኛው ሳምንት የውል ሕጉ መጽሐፍ እጄ ላይ ተበታተነ። የሕግ ተማሪዋ ይዛለት ሄደች። በማግስቱ ከእሷ ጋር ብቻ ሆነን፣ ከአዳራሹ በተዋስነው ሌላ ኮፒ እያነበብን ሳለ በሩ ተንኳኳና ሙጫ ራሱ መጽሐፉን ይዞ ገባ።

«ውኃ ልጠጣ» አለች የሕግ ተማሪዋ፤ በትሯን አንሥታ ውልቅ።

ሁለታችን ቀረን። ግድግዳው ድምፅ የማያስገባ ስለሆነ ጸጥታው ጆሮ ይጭናል።

«ጀርባው ገና አልደረቀም» አለ መጽሐፉን እያስቀመጠ። «ቀስ ብለው ይግለጡት።»

«አንቱታውን ተው!» ጮህኩ። «ስደበኝ፣ አባርረኝ፣ አንቱ ግን አትበለኝ!»

«ይቅርታ ልትጠይቂ ነው ወይስ ልትጣዪ?»

«ሁለቱንም! እኔ አነባለሁ ባይዋ ምንም አላነበብኩም። ራሴ የጻፍኩትን ሰነድ አላነበብኩም። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አላነበብኩም። መዝገቡ ላይ ለምስክርነት ከፈረምከው ጎን ‹ተቃውሞዬን በደብዳቤ አቀርባለሁ› ብለህ ነበር፤ እሱንም አላነበብኩም። በልጆቹ ፊት ያልሆንከውን አልኩህ። ይቅር በለኝ! ይቅር በለኝ ነው የምልህ፣ ምን ታየኛለህ?»

«እንዲህ እየተቆጣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሌላ አልችልበትም» አልኩ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሦስተኛውን ደብዳቤ አወጣሁ። «ይሄንን ግን አነበብኩት። አሥር ጊዜ።»

እስከ ጆሮው ቀላ። «እሱ… ማንም አያነበውም ብዬ ነው።»

«ስምንት መቶ ኮፒ ታትሟል።»

«ምን?»

«ዓመታዊ ሪፖርት ላይ። ገጽ አሥራ አራት። የምስጋና ደብዳቤ ነው ብለው።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። አፉን በእጁ ከደነ። ተናደደ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ፤ ሳቁ ሲያመልጠው ክፍሉን ሞላው።

«ማኅተሙስ በደንብ ይታያል?»

«እሱማ ጎልቶ!»

እኔም ሳቅኩ፤ እያለቀስኩ። ሳቁ ሲያልቅ ተያየን። እንደ ድሮው መስሎኝ ዓይኔን ልሰብር ነበር። አልሰበርኩም፤ እሱም አልሰበረም።

«ደብዳቤህ መልስ አላገኘም» አልኩት። «ወይ ክፍሉን ክፈቱልን፣ ወይ እሷን ላኩልን ብለሃል። ሁለቱም ሆነዋል።»

«ፈቃድሽ ሲያልቅስ?»

«በክፍሉ ቦርዱ ይወስን። በእኔ ግን የምትወስነው አንተ ነህ። ዓመት ሙሉ ወድጄሃለሁ፤ ከዚያ በፊትም ወድጄሃለሁ፤ ስልኩን ሳላነሣም ወድጄህ ነበር።»

«ቃሪያ» አለ ቀስ ብሎ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ስሜ።

እጄን ያዘኝ። ጣቶቹ ላይ ያለው ሙጫ አልደረቀም ነበር፤ ልንላቀቅ ስንል ቆዳችን ተያያዘ። ተውነው።

የሕግ ተማሪዋ ስትመለስ ቀጥታ ወደ መቅረጫው ሄዳ ቁልፏን ተጫነች። «ይቅርታ፣ ሳላጠፋው ነው የሄድኩት» አለች። ረስታው ነው ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። እኔ አላምናትም። ጠበቃ ናት።

ስምንቱም ተፈተኑ፤ ሰባቱ አለፉ፤ አንዱ በዓመቱ ደግሞ አለፈ። ሪፖርቱ «ስምንት» ተብሎ እንደገና ታተመ። ቦርዱ አንቀጽ ሰባትን ለማሻሻል ሰባት ወር ፈጀበት፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እስከዚያ በየቅዳሜው እየመጣሁ በአካል ተገኘሁ። ባሌ፣ ያው ሙጫ፣ የምትመጣው ለአንቀጹ ሳይሆን ለእኔ ነበር ይላል፤ ውሸቱን ነው።

ያን ቅጂ ግን ላጠፋው ስል ተማሪዎቹ እሺ አላሉኝም። ዛሬም አዲስ የገባ የሕግ ተማሪ የውል ሕጉን ከፍቶ ሲያዳምጥ «ውል የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች በነጻ ፈቃዳቸው ሲስማሙ ነው» የሚለው ላይ ድንገት በር ሲንኳኳ ይሰማል። ከዚያ አንዲት የተቆጣች ሴት ይቅር በለኝ እያለች ትጮሃለች፤ አንድ ሰው ይስቃል፤ ቆይቶም ቀስ ብሎ «ቃሪያ» ይላል። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም። ብዙዎቹ ማሽኑ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ነባሮቹ ግን «ቆይ፣ አትዝለለው» ይሏቸዋል።